«ግሮጊ» ማለት ሰካራም ነው እንዴ? ስለ ቃሉ አመጣጥ የምታውቁ እርዱኝ

የደሴዋ | ማክሰኞ፣ ማታ 2፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እናቴ ባለፈው ሳምንት የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ወጣች፤ አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ደህና ናት። ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት እንግሊዝኛ ስለነበር፣ እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ትንሹ ወንድሜ በስልኩ ወደ አማርኛ ገለበጠና አነበበላት። «ለአንድ ቀን ያህል ሰካራም ሊሆኑ ይችላሉ» ይላል።

እናቴ ወሎ ተወልዳ ያደገች፣ 68 ዓመት ሙሉ መጠጥ በአፏ ዞሮ የማያውቅ ሴት ናት። «በመርፌ አረቄ አግብተውብኛል» ብላ የማታውን ማስታገሻ አልውጥም አለች። እኔ ስደርስ ጥርሷን ነክሳ ተኮራምታ ነው ያገኘኋት።

ወረቀቱን ሳየው ቃሉ «ግሮጊ» ነው። እኔ እስከማውቀው እንቅልፉ ያልለቀቀው ሰው ማለት ነው። ቤት ያለውን አሮጌ መዝገበ ቃላት ስገልጥ ግን እሱም «የሰከረ፣ የሚንገዳገድ» ይላል። ስለዚህ ተሳስቻለሁ ወይ? ቃሉ ከመጠጥ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞስ በአማርኛ ምን ብዬ ላስረዳት? እኔን ማመን አቅቷት «አንቺ ለማጽናናት ነው የምትይው» እያለችኝ ነው። እባካችሁ።

---

ፊደል ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡25

እህቴ፣ እንኳን እናትሽን አተረፈልሽ። አንቺም ልክ ነሽ፣ መዝገበ ቃላቱም አልዋሸም። ቃሉ ሲወለድ ሰካራም ማለት ነበር፤ ዛሬ ሐኪም ሲጽፈው ግን መጠጥ የሚባል ነገር በሐሳቡም የለም።

ነገሩ ከመርከብ ይጀምራል። እንግሊዞች በ1655 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጃማይካን ከስፔን ከነጠቁ በኋላ፣ በካሪቢያን ባሕር የሚዘዋወሩት የጦር መርከቦቻቸው ለመርከበኛው በቢራ ፋንታ ሮም ማደል ለመዱ። ሮም ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ አረቄ ነው። ቢራ በዚያ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ ቦታም ይፈጃል፤ ሮም ሁለቱም ችግር የለበትም። የአንድ ሰው የቀን ድርሻ ግማሽ ፓይንት፣ ማለትም ሩብ ሊትር ገደማ ነበር። ያውም ጠብታ ውሃ ያልነካው። ያንን ጨልጦ በሸራው ምሰሶ ላይ የሚንጠላጠል ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ምክትል አድሚራል ኤድዋርድ ቨርነን በዚያ የነበረውን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ያዝዝ ነበር። ኦገስት 21 ቀን 1740 ለመርከብ አዛዦቹ ትእዛዝ ጻፈ፦ ግማሽ ፓይንቱ ሮም በአንድ ኳርት ውሃ ይበረዝ፤ አንድ እጅ ሮም፣ አራት እጅ ውሃ ማለት ነው። ለዚሁ በተለየ በርሜል፣ በመርከቡ ወለል ላይ፣ ተረኛው መኮንን እያየ ይቀላቀል። በአንድ ጊዜም አይሰጥ፤ በእኛ ሰዓት ግማሹ ረፋድ ከ4 እስከ 6፣ ግማሹ ከቀኑ ከ10 እስከ 12 ይታደል።

ይኼ ሰው ግሮግራም ከሚባል ሻካራ ጨርቅ የተሰፋ ካባ ይለብስ ነበር። ሐርና ጠጉር የተቀላቀለበት፣ በሙጫ የደረቀ ጨርቅ ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። መርከበኞቹ «ሽማግሌው ግሮግ» ይሉት ነበር። እኛ ጌታን በፈረሱ ስም እንደምንጠራ፣ እነሱ በካባው ጠሩት ማለት ነው። በረዘባቸው፤ እነሱም የበረዘውን መጠጥ በቅጽል ስሙ «ግሮግ» አሉት። ግሮግ የበዛበት ሰው ደግሞ «ግሮጊ» ተባለ።

---

አራት ኪሎ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ግሮግ አህጽሮተ ቃል ነው። በሮሙ በርሜል ላይ «ንጉሥ ጊዮርጊስ፣ የድሮ ግሬናዳ» የሚል በላቲን እና በእንግሊዝኛ የመጀመሪያ ፊደላት ይታተም ነበር፤ ጂ፣ አር፣ ኦ፣ ጂ። ከዚያ ነው የመጣው። ለንደን ውስጥ አንድ አስጎብኚ ነው የነገረን።

---

ፊደል ቆጣሪ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡15

ወንድሜ፣ እኔም ሰምቼዋለሁ። ግን ግሬናዳ የእንግሊዝ የሆነችው በ1763 በፓሪሱ ውል ነው፤ ቨርነን ትእዛዙን ሲጽፍ የፈረንሳይ ደሴት ነበረች። የእንግሊዝ ንጉሥ ማኅተም በፈረንሳይ በርሜል ላይ ምን ይሠራል? በአጠቃላይ የድሮ ቃል በፊደላት ተበትኖ ሲተረጎምላችሁ ተጠራጠሩ። በዚያ ዘመን ቃል በዚህ መንገድ እምብዛም አይሠራም ነበር፤ አብዛኛው እንዲህ ያለ ታሪክ ቃሉ ካረጀ በኋላ የተፈጠረ ነው።

የቨርነኑ ታሪክ ግን ቢያንስ ከባሕር ሰዎች አፍ የተወሰደ ነው። ቶማስ ትሮተር የሚባል የባሕር ኃይል ሐኪም በ1781 ግጥም ጽፏል፤ በግጥሙ የቨርነን ካባ ሮሙ ውስጥ ተነክሮ ለመጠጡ ስሙን ሰጠው ይላል። ግጥም ነውና እንደ መዝገብ አንወስደውም፤ ሆኖም ከትእዛዙ 41 ዓመት በኋላ መርከበኛው የሚያወራው ይህን እንደነበር ያሳያል። ትሮተርን የማነሣው ለሌላም ምክንያት ነው። በ1804 ስለ ስካር መጽሐፍ ያወጣው እሱ ነው፤ ሰካራምነትን ከኃጢአት መዝገብ አውጥተው በበሽታ ካዩት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ ነው። የግሮግን ስም በግጥም ያወሳ ሰው ግሮጊ የሆኑትን ሲያክም ኖረ።

---

ማስረጃ ይቅደም | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡30

ፊደል ቆጣሪ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አልመለስክም። እንግሊዛዊው ደራሲ ዳንኤል ዴፎ በ1718 ባወጣው መጽሐፍ ከባርባዶስ የመጣ ልጅ ስለ ግሮግ ሲናገር ጽፏል ይባላል። ከዴፎ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ይህን ይዞ የቨርነኑ ታሪክ ውድቅ ነው ብሏል። 1718 ደግሞ ከ1740 በ22 ዓመት ይቀድማል። ይህ እውነት ከሆነ የካባው ወሬ ተረት ነው።

---

ፊደል ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡40

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ደስ ብሎኛል። ችግሩ ጥቅሱ ስሕተት መሆኑ ነው። የዴፎ ጽሑፍ በዚያ ቦታ የሚለው «ዝንጅብል» ነው፤ ግሮግ አይደለም። አንዱ የተሳሳተውን ሌላው ሲገለብጥ ኖረ።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቃሉ መጥፋትና መገኘት። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በፊላደልፊያ ያሳትመው በነበረው ጋዜጣ ላይ በ1737 የሰካራም ስሞችን ሰብስቦ አወጣ፤ ከ200 በላይ ናቸው። ሰው በመጠጥ ቤት ሲል የሰማውን ነው የጻፈው። «ባርባዶስ ደርሶ መጣ» የሚል አለበት፤ ሮም ከዚያ ስለሚመጣ ነው። «ፀሐይ ላይ ቆየ»፣ «ምላሱ ሁለት ሆነ»፣ ደግሞ «ወደ ኢየሩሳሌም እየሄደ ነው» የሚልም አለ። ያ ሁሉ ተለቅሞ ግሮጊ ግን የለም።

በ1770 ደግሞ ለንደን የሚታተም አንድ መጽሔት የራሱን ዝርዝር አወጣ፤ 80 ገደማ ስም። እዚያ ውስጥ ግሮጊ አለ። እንዲያውም ከጎኑ ማብራሪያ ተጽፎለታል፦ የምዕራብ ህንድ ደሴቶች (የካሪቢያን) አነጋገር ነው፤ ስኳር የሌለው ሮምና ውሃ ግሮግ ይባላልና። በ1737 የለም፣ በ1770 አለ፣ ምንጩም ካሪቢያን ነው። የቨርነን ትእዛዝ መሐል ላይ ነው። ከዚህ በላይ የሚያስማማ ነገር ብዙ ቃል የለውም።

---

ማስረጃ ይቅደም | ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡55

አመሰግናለሁ። የዴፎውን ያነበብኩበት ቦታ ላይ እርማት እንዲገባ እጽፋለሁ።

---

መርከበኛው | ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡20

እኔ 19 ዓመት በንግድ መርከብ ላይ ሠርቻለሁ፤ ከእንግሊዝ አዛውንት መርከበኞች ጋርም አብሬ በልቻለሁ። የሮም ጉዳይ ሲነሣ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር አሉ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ዕደላውን ያቆመው በ1740ም በ1840ም አይደለም፤ ጁላይ 31 ቀን 1970 ነው። ድርሻው እየተቀነሰ መጥቶ በመጨረሻ የፓይንት ስምንተኛ፣ 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ደርሶ ነበር። ያን ቀን አንዳንዶቹ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው እንደ ለቅሶ ነው የዋሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ መርከቡ በማሽን ተሞልቷል፣ ቀን ላይ አረቄ የጠጣ እጅ ማሽን አይነካም። አሜሪካኖቹ ግን ቀድመው፣ በሴፕቴምበር 1862፣ የእርስ በርስ ጦርነታቸው ላይ ሆነው አቁመዋል።

ሌላ ልጨምር። ቨርነን ሮሙ ይቀላቀልበት ያለው በርሜል «ስካትልድ በት» ነው፤ አናቱ የተበሳ በርሜል። መርከበኛ ውሃ ሊጠጣ እንዲህ ያለ በርሜል ዘንድ ሲመጣ ይቆማል፣ ያወራል። ዛሬ «ስካትልበት» ማለት ሐሜት፣ ያልተጣራ ወሬ ማለት ነው። ምንጭ ዳር፣ ቦኖ ዳር የሚወራውን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ሩቅ አይደለም።

ቨርነን ሮሙ ላይ ሎሚ ያስጨመረው በሽታ ለመከላከል ነው ስለሚሉ ሰዎችም፦ ቨርነን ሎሚና ስኳር የፈለገ ከራሱ ገዝቶ ይጨምር፣ እንዲጣፍጠው ብሎ ነው የፈቀደው። ድድ የሚያደማውን በሽታ ይከላከላል ተብሎ የሎሚ ጭማቂ ለባሕር ኃይሉ በደንብ የታዘዘው በ1795 ነው። ሁለቱን የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው።

---

የሌሊት ነርስ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡05

የደሴዋ፣ የታሪኩ ነገር ደስ ይላል፤ እኔን ግን ያስጨነቀኝ የእናትሽ ማስታገሻ ነው። እባክሽ ዛሬውኑ የቀዶ ሕክምናው ክፍል ደውይና ያለፋትን መጠን ንገሪያቸው፤ ራስሽ አታካክሺ።

ለእናታችን እንዲህ በያት። በደም ሥሯ የገባው ማደንዘዣ የሚያሰክር መጠጥ አይደለም። መድኃኒቱ ከሰውነት እስኪወጣ አእምሮ ቀስ ይላል፣ እግር አይጸናም፣ ነገር ይረሳል። ለዚህ ነው ለ24 ሰዓት አትንዱ፣ ትልቅ ውል አትፈርሙ፣ ብቻችሁን አትቆዩ የሚባለው። ግሮጊ የተባለው ይኼ ነው። የሚዋጠው ወይም የሚጠጣው መድኃኒት ላይ ጥርጣሬ ካላት ደግሞ የመድኃኒት ቤት ባለሙያውን «ውስጡ አልኮል አለ ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መብቷ ነው፤ ካለ ሌላ ዓይነት ይፈለጋል።

አማርኛውን በተመለከተ፣ ከሥራዬ የተማርኩትን ልንገርሽ። «መደንዘዝ» አትበያት። አንድ አባት «ሊደነዝዙ ይችላሉ» ተብለው እጅና እግራቸው የሚሰንፍ መስሏቸው ሌሊቱን ሙሉ ጣታቸውን ሲያንቀሳቅሱ አድረዋል። «ማዞር»ም ሌላ ነው፤ ግድግዳው ሲዞርባት መጥራት አለባት፣ እሱ ራሱን የቻለ ምልክት ነው። «ሰመመን» ደግሞ ጥልቁ ነው፣ ቀዶው ሲካሄድ የነበረችበት። ግሮጊ ከሰመመን ወጥቶ ሙሉ በሙሉ ሳይነቁ ያለው መሐል ነው። እኔ «ፈዘዝ ማለት» እላለሁ።

---

አራት ኪሎ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡40

«ድብት ማለት»ስ? እኔ ከሰዓት በኋላ ድብት ሲለኝ ልክ እንደዚያ ነኝ።

---

የሌሊት ነርስ | ረቡዕ፣ ማታ 1፡52

ድብታ ጥሩ ነው፤ ግን የእግር አለመጽናቱን አይነግርም፤ የኛ ትልቁ ስጋት ደግሞ መውደቅ ነው። ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ይሻላል።

---

ፊደል ቆጣሪ | ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

የነርሷ አባባል የቃሉን የመጨረሻ ጉዞ ያሳየናል። ግሮጊ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ መጀመሪያ የገባው ፈረስ ዘንድ ነው፤ ሰኮናው ታሞ የሚያነክስ፣ እርምጃው የማይጸና ፈረስ ግሮጊ ተባለ። ቀጥሎ ቦክሰኛ ዘንድ፤ ቡጢ በዝቶበት እየተወላገደ የቆመ። በሁለቱም ሮም የለም፣ የቀረው መንገዳገዱ ብቻ ነው። ከዚያ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው፣ ከዚያ ከማደንዘዣ የሚነቃ ሰው። ቃሉ መንገዳገዱን ይዞ መጠጡን ጣለ። የድሮው መዝገበ ቃላት የጉዞውን መጀመሪያ ጽፎ መጨረሻውን ሳይደርስበት ቀረ፣ የስልኩም ትርጉም ያንን ደገመው። በሰው ሕክምና ወረቀት ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

---

የሜልቦርን ልጅ | ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ፍቀዱልኝ፤ ስለ እንግሊዝኛ የስካር ቃላት ካነሣችሁ ይህ ይገርማችኋል። እዚህ አውስትራሊያ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለሰከረ ሰው «ሺከርድ» ይላሉ። ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ሲሉት መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ «ሰከረ» ያሉ መስሎኝ ዞርኩ! ከእኛ ቃል ጋር ዘመድ ነው ወይስ አጋጣሚ?

---

ከነታንያ | ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡40

አጋጣሚ አይደለም፣ ዘመድ ነው። በዕብራይስጥ ሰካራም «ሺኮር» ነው። የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ቃሉን ከዕብራይስጥ ወደ ቋንቋቸው ወደ ዪዲሽ ወሰዱት፤ ከዪዲሽ ነው ወደ አውስትራሊያ እንግሊዝኛ የገባው። በግእዝ «ሰክረ»፣ በዐረብኛ «ሰክራን»፣ በዕብራይስጥ «ሺኮር»፤ ሁሉም ከአንድ የሴም ሥር የበቀሉ ናቸው። ስለዚህ ጎረቤትህ ከእኛ አልወሰዱትም፣ እኛም ከእነሱ አልወሰድንም፤ የጋራ አያት ነው ያለን። እኔ ዕብራይስጥ ስማር ይህን ቃል ማንም አላስተማረኝም፤ በሰማሁት ቀን ገባኝ።

ሌላም አለ። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከወይን ጠጅ ጎን የሚጠራው የሚያሰክር መጠጥ በዕብራይስጥ «ሼኻር» ይባላል። በግሪክ «ሲኬራ» ሆነ፣ በላቲን «ሲኬራ»፣ በፈረንሳይ አልፎ በእንግሊዝኛ «ሳይደር» ሆነ፤ የፖም ጠጅ። የሰከረ ዘር እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቷል ማለት ነው፤ በጓዳ በርም፣ በዋናው በርም።

---

አራት ኪሎ | ሐሙስ፣ ጠዋት 5፡00

ታዲያ «ስኳር»ና «ስካር»ም ዘመድ ናቸዋ!

---

ፊደል ቆጣሪ | ሐሙስ፣ ቀን 6፡10

ይመስላሉ፤ አይደሉም። ስኳር ከህንድ፣ ከሳንስክሪት ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል የመጣ ቃል ነው። ሮም ከስኳር ተክል መውጣቱ ደግሞ ለጆሯችን ማስረጃ ይመስለዋል፤ እንዲህ ያለው መመሳሰል ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ከነታንያ የጻፍሽው/ፍከው ግን ልክ ነው፤ እጅግ አመሰግናለሁ።

---

የደሴዋ | ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ሁላችሁንም አላህ ያክብራችሁ። ትናንት ማታውኑ ደውዬ ነበር፤ የነርሷን ምክር ሰምቼ መድኃኒት ቤቱንም ጠየቅኩ። ክኒኑ ምንም አልኮል የለውም ብለው በግልጽ ነገሩን።

እናቴ ግን በዚያ አላመነችም፤ ያሳመናት የቨርነን ታሪክ ነው። ፊደል ቆጣሪ «ይበረዝ» ብሎ የጻፈው ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። እኛ ቤት ለበዓልና ለሠርግ ማር በውሃ ተበርዞ ሳይብላላ የሚጠጣው ብርዝ ነው፤ እሷ ናት የምትሠራው። «እማዬ፣ አንድ የመርከብ አለቃ ሰዎቹ እየሰከሩ አስቸገሩትና አረቄያቸውን በአራት እጅ ውሃ በረዘባቸው። ስሙ ለመጠጡ ቀረ። የመንገዳገዱም ስም ከዚያ ወጣ። አሁን መጠጡ የለም፣ መንገዳገዱ ብቻ ነው የቀረው» አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «አራት እጅ ውሃ?» አለች። አዎ አልኳት። «ታዲያ ፈዘዝ ያደርጋል ብለው አይጽፉም?» አለች። ክኒኗን ከእጄ ተቀብላ ዋጠች፣ ሌሊቱንም ተኛች።

ወረቀቱን በእጄ እንዲህ ብዬ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩላት፦ «ከማደንዘዣው የተነሣ ለአንድ ቀን ያህል ፈዘዝ፣ ድብት ሊልሽ ይችላል፤ እግርሽም አይጸናም። ስትነሺ ሰው ይያዝሽ።» የጎደለ ካለ ንገሩኝ፤ ሰፈራችን ያሉ ሌሎች እናቶችም ይህንኑ ወረቀት ሲቀበሉ አይቻለሁ፣ ለእነሱም ላባዛው ነው።

---

የሌሊት ነርስ | ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

በጣም ጥሩ ነው። ለሌሎቹ እናቶች ስታባዢው ግን አንድ መስመር ጨምሪ፦ «ፈዘዝ ማለቱ ከአንድ ቀን በኋላ ካልለቀቀ፣ ወይም ተኝታ ስትቀሰቅሷት አልነቃ ካለች፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለድንገተኛ ደውሉ።» ፊደሉን ጎላ አድርጊው፤ ብዙዎቹ መነጽራቸውን ሳያደርጉ ነው የሚያነቡት።